በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የሞተር ዘይት ፓምፕ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፉት ዓመታት ከፋብሪካ በወጡ በርካታ መኪኖች የሞተሩን ዘይት ግፊት የሚወስነው የፓምፑ ፍጥነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ኮምፒውተሩም ይወስነዋል። ለውጡ ከውጭ ስለማይታይ ባለቤቶችም አንዳንድ መካኒኮችም እነዚህን መኪኖች በድሮው ልማድ ያስተናግዷቸዋል፤ በዚህም ምክንያት ጤነኛ ፓምፕ ይቀየራል፣ የታመመው ደግሞ ሳይታይ ያልፋል።

በኤሌክትሮኒክስ ይታዘዛል ሲባል ፓምፑን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ነው ማለት ነው?

አይደለም። በአብዛኞቹ የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች ፓምፑን የሚያዞረው እንደ ቀድሞው ሁሉ ሞተሩ ራሱ ነው፤ ኃይሉን ከክራንክ ሻፍት (ከሞተሩ ዋና ዘንግ) በቀጥታ፣ በጥርስ፣ በካቴና ወይም በቺንጊያ ያገኛል። ኤሌክትሮኒክሱ የሚያዝዘው ፓምፑ በእያንዳንዱ ዙር ምን ያህል ዘይት መግፋት እንዳለበት ነው። በራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞር የዘይት ፓምፕም አለ፤ ነገር ግን እርሱ በብዛት የሚገኘው በሃይብሪድ መኪኖችና ሲቆሙ ሞተራቸው በራሱ በሚጠፋ መኪኖች ካምቢዮ ውስጥ ሲሆን፣ ሥራውም ሞተሩ ጠፍቶ ባለበት ጊዜ የካምቢዮውን ዘይት ግፊት መጠበቅ ነው። መለዋወጫ ሲታዘዝ ሁለቱ እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የድሮው ፓምፕ ምን ጎደለውና ተቀየረ?

የድሮው ፓምፕ በአንድ ዙር የሚገፋው የዘይት መጠን አይለወጥም፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር የሚገፋው ዘይት በዚያው ልክ ይጨምራል። ንድፍ አውጪው ደግሞ ፓምፑን የሚመጥነው ለክፉ ቀን ነው። ሞተሩ አርጅቶ፣ የብሮንዚናዎቹ (የሚዞሩትን ዘንጎች የሚሸከሙት ስስ ብረቶች) ክፍተት ሰፍቶ፣ ዘይቱ በሙቀት ቀጥኖ፣ መኪናው በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳይረገጥ፣ ቆሞ ሳለ ጭምር በቂ ግፊት መኖር አለበት። ይህን እንዲችል ሆኖ የተሠራ ፓምፕ ሞተሩ በደቂቃ 4000 ዙር ሲደርስ ከሚያስፈልገው በላይ እጅግ ብዙ ዘይት ይገፋል። ትርፉ ዘይት በግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ በኩል ወደ ፓምፑ መግቢያ ወይም ከሞተሩ ሥር ወዳለው ማጠራቀሚያ፣ ማለትም ወደ ኮፓው ይመለሳል። ያን ዘይት ለመግፋት የወጣው ጉልበት ግን አይመለስም፤ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል።

ከዚህ ሌላ፣ አሠራሩ በፍጥነት ላይ ብቻ የተመሠረተ በመሆኑ ሞተሩ በእውነት ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም። ሙሉ ጭነት ይዞ በዝቅተኛ ዙር ወደ እንጦጦ የሚወጣ መኪና እና ባዶውን በተመሳሳይ ዙር በሜዳ የሚሄድ መኪና ከድሮው ፓምፕ የሚያገኙት አንድ ዓይነት መጠን ነው፤ በመጀመሪያው መኪና ብሮንዚናዎችና ፒስተኖች ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ከሁለተኛው ጋር አይወዳደርም።

አዲሱ ፓምፕ ከውስጡ እንዴት ይሠራል?

ከአንድ በላይ አሠራር አለ፤ በብዛት የሚገኘው ባለ ክንፍ ፓምፕ ነው። መሃል ላይ የሚሽከረከር ሮተር አለ፤ በሮተሩ ዙሪያ ባሉ ስንጥቆች ውስጥ ወጣ ገባ የሚሉ ስስ የብረት ክንፎች ተሰክተዋል፤ እነዚህን ሁሉ አንድ ቀለበት ይከባቸዋል። ቀለበቱ በአንድ ወገኑ ባለ ፒን ላይ ተንጠልጥሎ ግራና ቀኝ ሊወዛወዝ ይችላል። የሮተሩ መሃልና የቀለበቱ መሃል በተራራቁ መጠን በክንፎቹ መካከል ያሉት ክፍሎች በአንዱ ወገን ይሰፋሉ፣ በሌላው ወገን ይጠባሉ፤ ሲሰፉ ዘይት ይስባሉ፣ ሲጠቡ ይገፋሉ። ሁለቱ መሃሎች ቢገጥሙ ሮተሩ የቱንም ያህል ቢፈጥን ፓምፑ ዘይት ባልገፋ ነበር። ስለዚህ የቀለበቱ የጥቂት ሚሊሜትር እንቅስቃሴ የሞተሩን የዘይት መጠን ይወስናል።

ቀለበቱን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ናቸው። በአንድ ወገን ጠንካራ ስፕሪንግ ቀለበቱን ብዙ ዘይት ወደሚገፋበት ቦታ ይጫነዋል። በሌላ ወገን ከሞተሩ ዋና የዘይት መስመር ተመልሶ የሚመጣ ዘይት በቀለበቱ የውጭ ገጽ ላይ አርፎ ስፕሪንጉን ይቋቋማል። ግፊቱ ከሚፈለገው በላይ ሲወጣ ዘይቱ ስፕሪንጉን አሸንፎ ቀለበቱን ወደ መሃል ይመልሰዋል፤ ፓምፑም የሚገፋውን ይቀንሳል። እስከዚህ ድረስ ኤሌክትሪክ የለበትም።

ኤሌክትሪክ የሚገባው በሁለተኛ የዘይት ክፍል በኩል ነው። በብዙ ንድፎች ከቀለበቱ ውጭ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ አንደኛው ሁልጊዜ ከዋናው መስመር ዘይት ያገኛል፣ ሁለተኛው ግን ዘይት የሚያገኘው ሶሌኖይድ ቫልቭ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ቫልቭ፣ ሲከፍትለት ብቻ ነው። ሁለቱም ክፍሎች ሲሞሉ ቀለበቱን የሚገፋው ገጽ ስለሚሰፋ ስፕሪንጉ በትንሽ ግፊት ይሸነፋል፤ ሞተሩም በዝቅተኛ ግፊት ይሠራል። ሶሌኖይዱ ሲዘጋ አንዱ ክፍል ብቻውን ስለሚቀር ስፕሪንጉን ለማሸነፍ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋል። ሶሌኖይዱ ክፍት ወይም ዝግ ብቻ ከሆነ ፓምፑ ሁለት ደረጃ አለው እንላለን፤ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያበራና እያጠፋ፣ የበራበትን የጊዜ ድርሻ እየለዋወጠ የሚያዝዘው ከሆነ ደግሞ ግፊቱን በሁለቱ ጫፎች መካከል በፈለገው ቦታ ሊያቆመው ይችላል።

ባለ ጥርስ ፓምፕም ሊታዘዝ ይችላል። የፎልክስቫገንና የአውዲ ኢኤ888 ሞተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በእርሱ ፓምፕ ከሁለቱ ጥርሶች አንዱ በርዝመቱ ወደ ጎን ይንሸራተታል፤ ጥርሶቹ ሙሉ በሙሉ ተያይዘው ሲዞሩ ብዙ ዘይት ይገፋሉ፣ በከፊል ሲያያዙ ጥቂት። የዚያ ሞተር ዝቅተኛ ደረጃ 2 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ሲሆን ከፍተኛው ከ3 ባር በላይ ነው። ሞተሩ አዲስ ሳለ ለመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር በከፍተኛው ደረጃ ብቻ እንዲሠራ መደረጉ የአምራቹን ጥንቃቄ ያሳያል።

ኮምፒውተሩ ግፊቱን የሚወስነው ምን አይቶ ነው?

የሞተሩን ዙር፣ ጭነቱን፣ የዘይቱንና የውኃውን ሙቀት እንዲሁም በዋናው መስመር ላይ ያለው የግፊት ሴንሰር የሚነግረውን ያያል። ለእያንዳንዱ ሁኔታ የሚፈለገው ግፊት በፋብሪካ ተለክቶ በማስታወሻው ተመዝግቧል። ቀስ ብሎ በሚሄድ መኪና ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ነጂው ጋዝ አጥብቆ ሲረግጥ፣ ዙሩ ሲጨምር ወይም ዘይቱ በጣም ሲሞቅ ከፍ ያደርገዋል።

ከብሮንዚና ሌላ የዘይት ግፊት የሚጠብቁ ብዙ ክፍሎች መኖራቸው ውሳኔውን ያከብደዋል። የካም ሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ ጊዜ የሚያስቀድመውና የሚያዘገየው አሠራር በዘይት ግፊት ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የካቴና መወጠሪያውም በብዙ ሞተሮች እንዲሁ። ተርቦ ያለው ሞተር ለተርቦው ዘንግ ዘይት ይፈልጋል። ከሁሉ ይበልጥ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ግን ከታች ወደ ፒስተኑ ሆድ ዘይት የሚረጩት ትንንሽ አፍንጫዎች ናቸው። ብዙዎቹ ግፊቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ አላቸው። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና በተነሣበት ጊዜ ግፊቱን ከዚያ መጠን በታች ሲይዘው አፍንጫዎቹ ተዘግተው ይቆያሉ፤ ፒስተኖቹ ቶሎ ይሞቃሉ፣ ነዳጁም በተሻለ ይቃጠላል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ብክለት ይቀንሳል። በኋላ ጭነት ሲመጣ ግፊቱ ይነሣል፤ አፍንጫዎቹም ፒስተኑን ያቀዘቅዛሉ።

ይህ ሁሉ ምን ያህል ነዳጅ ይቆጥባል?

ለአንድ ነጂ በኪሱ የሚታወቅ ያህል አይደለም፤ ቢበዛ ጥቂት በመቶ ነው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ዘይት ለመግፋት የሚወጣው ኃይል በኪሎ ዋት ሲሰላ በባር የተለካው ግፊት በደቂቃ ከሚገፋው ሊትር ጋር ተባዝቶ ለ600 ይካፈላል። በ4 ባር 45 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ 0.3 ኪሎ ዋት ያወጣል፤ በ2 ባር 25 ሊትር የሚገፋው ግን 0.08 ገደማ ብቻ። በፓምፑ ውስጥ ያለው ሰበቃ ሲጨመርበት ልዩነቱ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ትንሽ ነው። ለአምራቹ ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ መኪኖች ላይ የሚባዛ ቁጥር ስለሆነ በብክለት ሕግ ፊት ትልቅ ዋጋ አለው።

የኔ መኪና ይህ ፓምፕ ይኖረዋል?

በአገራችን መንገድ ላይ በብዛት የሚታዩት የቆዩ ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች በአብዛኛው የላቸውም፤ ለምሳሌ ዋንኤንዜድ የተባለው የቶዮታ ሞተር በክራንክ ሻፍቱ ፊት ለፊት የተገጠመ መጠኑ የማይለወጥ ፓምፕ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴል ጀምሮ በካምሪ፣ ቀጥሎም በራቭፎር ላይ የመጣው 2.5 ሊትር ሞተር ግን መጠኑ የሚለዋወጥ ፓምፕ ተገጥሞለታል። ቢኤምደብልዩ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ኤን55 ሞተር፣ ክራይስለር እ.ኤ.አ. ከ2011 ሞዴል ጀምሮ በፔንታስታር 3.6 ሊትር ሞተር፣ ጄኔራል ሞተርስም እ.ኤ.አ. ከ2014 ሞዴል ጀምሮ በቪ8 ሞተሮቹ ላይ ይህን ዓይነት ፓምፕ ተጠቅመዋል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከሚነዷቸው አዳዲስ የነዳጅ መኪኖች መካከል ብዙዎቹ አላቸው ማለት ይቻላል። እርግጠኛ ለመሆን የመኪናውን የጥገና መጽሐፍ በሞተሩ ኮድ መመልከት ይበቃል።

የዘይት ግፊቱ በሚኒሞ ዝቅ ብሎ ይታየኛል፤ ፓምፑ ደክሟል ማለት ነው?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣውም በዚሁ ነው። ለብዙ ዘመን በየጋራዡ ሲሠራበት የኖረ መለኪያ አለ፦ በየ1000 ዙሩ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ወይም 0.7 ባር ያህል ግፊት ሊኖር ይገባል የሚል። ይህ መለኪያ መጠኑ ለማይለወጥ ፓምፕ ይጠቅማል፤ ኮምፒውተር ለሚያዝዘው ፓምፕ ግን ያሳስታል። በደቂቃ 3000 ዙር በሜዳ ላይ ረጋ ብሎ የሚሄድ መኪና 1.8 ባር ቢያሳይ በድሮው መለኪያ ፓምፑ ታሟል ያሰኛል፤ ኮምፒውተሩ ያንን ግፊት ፈልጎ ካዘዘው ግን ምንም ጉድለት የለም። መጠየቅ ያለበት ግፊቱ ስንት ነው ሳይሆን፣ የታዘዘው ስንት ሆኖ የተገኘው ስንት ነው የሚለው ነው። ሁለቱም ቁጥሮች በመመርመሪያ ኮምፒውተር ጎን ለጎን ሊታዩ ይችላሉ።

በክሩስኮቱ ላይ የሚበራው ቀይ የዘይት መብራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በብዙ መኪኖች ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ሲወርድ ስለሆነ፣ ሲበራ ብሮንዚናዎቹ ያለ ዘይት ሊቀሩ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ወዲያው ጥግ ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል፤ እስከ ጋራዥ ድረስ እየነዱ መሄድ የብዙ ሞተር መጨረሻ ሆኗል።

የሶሌኖይዱ ሽቦ ቢነቀል ወይም ቢበጠስ ሞተሩ ያለ ዘይት ይቀራል?

በአብዛኞቹ ንድፎች አይቀርም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁለተኛው ክፍል ዘይት ስለማያገኝ ፓምፑ ወደ ከፍተኛው ደረጃ ይሄዳል። መኪናው የሞተር መብራት ያበራል፣ ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል፤ ብሮንዚናው ግን ዘይቱን ያገኛል። አምራቾቹ ሆን ብለው ብልሽቱን ወደ ደኅናው ወገን እንዲያዘነብል አድርገው መሥራታቸው በዚህ አሠራር ላይ ካለኝ አድናቆት ትልቁን ድርሻ ይይዛል። የሚያሰጋው በተቃራኒው ቀለበቱ ራሱ በቆሻሻ ተይዞ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ቢያዝም፣ ሽቦው ቢነቀልም ግፊቱ አይነሣም።

ከመጽሐፉ ይልቅ ወፈር ያለ ዘይት ባደርግ ሞተሩን የበለጠ አይጠብቀውም?

ይህ አስተያየት በቅንነት የሚነገር ቢሆንም ለእነዚህ ሞተሮች አይሠራም። መጽሐፉ 0 ደብልዩ 16 ወይም 0 ደብልዩ 20 የተባሉትን ቀጫጭን ዘይቶች ሲያዝ፣ የፓምፑ ስፕሪንግ፣ የቫልቮቹ ቀዳዳዎችና የኮምፒውተሩ መዝገብ ሁሉ በዚያ ዘይት ቅጥነት ተሰልተዋል። ኮምፒውተሩ የሚቆጣጠረው ግፊትን እንጂ የሚያልፈውን የዘይት መጠን አለመሆኑ ሊሠመርበት ይገባል። ወፍራም ዘይት በብሮንዚናው ጠባብ ክፍተት ቶሎ ስለማያልፍ፣ የታዘዘው ግፊት በጥቂት ዘይት ይሞላል፤ ኮምፒውተሩም በቂ ነው ብሎ ፓምፑን ይቀንሰዋል። ጌጁ ያው ቁጥር ላይ ቆሞ ሳለ በብሮንዚናው ውስጥ አልፎ ሙቀት ይዞ የሚወጣው ዘይት ግን አንሷል። በተጨማሪም በጠዋት ቅዝቃዜ ወፍራሙ ዘይት በሶሌኖይዱ ጠባብ መንገድ ስለሚዘገይ የፓምፑም የካም ሻፍቱም ምላሽ ይጎተታል፤ ኮምፒውተሩም ይህን እንደ ብልሽት ሊመዘግበው ይችላል። አምራቹ ለሞቃት አገር ሌላ ቁጥር ከፈቀደ በመጽሐፉ ውስጥ ስለሚገኝ በዚያ ክልል ውስጥ መምረጥ ይቻላል።

ፓምፑን የሚያበላሸው ምንድን ነው?

በአንድ ቃል ቆሻሻ ነው። በሶሌኖይዱ መግቢያ ላይ በብዙ መኪኖች የጣት ጥፍር የምታህል ጥልፍልፍ ወንፊት አለች፤ ጊዜው ያለፈበት ዘይት የሚፈጥረው ጭቃ እርሷን ይደፍናል። በኮፓው ውስጥ ያለው የፓምፑ መምጠጫም ወንፊት አለው። ኮፓ ተከፍቶ ሲገጠም ከሚገባው በላይ የተቀባ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣና ሲደርቅ ተቆርሶ ይወድቃል፤ ያቺ የጎማ ቁራጭ መምጠጫው ላይ ሄዳ ትለጠፋለች። ሞተሩ በሚኒሞ ሳለ ምንም አይታወቅም፤ ዙር ሲጨምርና ፓምፑ አጥብቆ ሲስብ ግን ግፊቱ ይወድቃል። በሲሊኮን ረገድ ስስ መስመር ትበቃለች፤ ብዙ መቀባት ማፍሰስን አይከለክልም።

ቺንጊያቸው በዘይት ውስጥ የሚዞር ሞተሮች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። ትክክል ባልሆነ ዘይት ወይም በመዘግየት ምክንያት ቺንጊያው እየተፋቀ ወንፊቱን ይደፍናል፤ ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ ከሆነ ደግሞ መጎዳቱ ፓምፑን ጭራሽ ያቆመዋል። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ያላቸውን ኢኮስፖርቶችና ፎከሶች በአሜሪካ ለጥገና የጠራው በዚህ ዓይነቱ የፓምፕ ቺንጊያና መወጠሪያው ችግር ነበር።

ለረጅም ጊዜ ዘይቱ ያልተቀየረለትን ሞተር በናፍጣ ወይም በኃይለኛ ማጠቢያ ማጠብን አልመክርም፤ ተላቅቆ የሚወርደው ጭቃ የሚሄደው በቀጥታ ወደ እነዚሁ ወንፊቶች ነው። በትክክለኛ ዘይትና በጥሩ ፊልትሮ ከተለመደው ኪሎ ሜትር በግማሽ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር ቀስ እያለ ያጸዳዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ በእጃችን ያሉት ሞተሮች ዕድሜ ከቀድሞው ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ለሰዓታት በሚኒሞ የሚቆም መኪና ኪሎ ሜትሩ ሳይሞላም ዘይቱ ያረጃል፤ የመቀየሪያውን ጊዜ በወራትም ጭምር መቁጠር ይሻላል።

የዘይት ግፊት ብልሽት ኮድ ሲመጣ ምርመራው ከየት ይጀመር?

በኮዱ ዓይነት መጀመር ጥሩ ነው። ፒ0521፣ ፒ0522 እና ፒ0523 ስለ ግፊት ሴንሰሩ ይናገራሉ፤ ፒ0524 ግፊቱ ራሱ ከሚገባው በታች መውረዱን፣ ፒ06ዲዲ ደግሞ የፓምፑ ማዘዣ እንደታዘዘው አለመሥራቱን ያመለክታሉ። የትኛውም ኮድ ቢሆን ፓምፕ ቀይር አይልም።

ከዚያ የዘይቱ ልክ በመለኪያ ዘንጉ ይታያል፣ በመጨረሻ የተሞላው ዘይት ዓይነት ይጠየቃል። ቀጥሎ የሴንሰሩና የሶሌኖይዱ ሶኬቶች ይፈታሉ፤ በአንዳንድ መኪኖች ሴንሰሩ ከውስጥ ሰንጥቆ ዘይት በሽቦው ውስጥ ስለሚያሳልፍ በሶኬቱ ውስጥ የሚታይ ዘይት ብቻውን መልስ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ሴንሰሩ ተፈትቶ በቦታው የእጅ ጌጅ ይታሰራል፣ ሞተሩም በደንብ እስኪሞቅ ይጠበቃል። አሁን ወሳኙ ፈተና ይደረጋል፦ ዙሩ በ2000 ገደማ ተይዞ በመመርመሪያ ኮምፒውተሩ ሶሌኖይዱ እንዲበራና እንዲጠፋ ይታዘዛል። የጌጁ መርፌ በግልጽ ከወጣና ከወረደ ፓምፑም ቀለበቱም ሶሌኖይዱም ይሠራሉ፤ ጥፋቱ ያለው በሴንሰሩ ወይም በሽቦው ላይ ነው። መርፌው ካልተንቀሳቀሰና ግፊቱ ከፍ ብሎ ከቀረ ሶሌኖይዱ፣ ወንፊቱና ሽቦው ይፈተሻሉ። ዝቅ ብሎ ከቀረ ግን ሞተሩ ሳይውል ሳያድር ጠፍቶ ኮፓው መውረድ አለበት።

ፓምፑ መቀየር ካለበት ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ከእርሱ ጋር መምጠጫው ይታጠባል፣ የመምጠጫው ላስቲክ ቀለበት በአዲስ ይተካል፤ ያ ቀለበት ካረጀ ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር ስለሚስብ አዲሱ ፓምፕም እንደ አሮጌው ደካማ መስሎ ይታያል። ፓምፑ ከመገጠሙ በፊት ንጹሕ ዘይት ይፈስበትና በእጅ ይዞራል፤ ፊልትሮው አፉ ወደ ላይ የሚገጠም ከሆነ ዘይት ተሞልቶ ይታሰራል። ከዚያም ነዳጅ መርጫው ወይም ማቀጣጠያው ተቋርጦ ሞተሩ በሞተሪኖ ብቻ ግፊት እስኪታይ ድረስ በአጭር በአጭሩ ይዞራል። አሮጌው ፓምፕ በብረት ብናኝ ተይዞ ከነበረ ሶሌኖይዱንም አብሮ መቀየር ይገባል፤ ብናኙ ከፓምፑ ቀጥሎ የሚያርፈው እዚያ ነውና።